ዛፍ ገዳዩ ሙሰበህ

ሙሰበህ ጉልበቱ ከድቶት ጀልባውን ሰምሓን ለእህቱ ልጅ ለጋይስ ካስረከበ ወዲህ አንድ ምኞት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ደጃፉ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰምሓን ማዶ እንደቆመች ማየት። በዐረቦቹ የባሕር ዳር ከተማ በራስ አል ኸይማ መሃል ግን፣ ባሕሩ ሰርጎ በገባበት፣ ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ አለ። ከባሕሩ ውስጥ ይበቅላል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይረዝማል፣ በመጨረሻም የሙሰበህን አግዳሚ ፊት ለፊት ዘጋው። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ቅጠል ሲያይ ይውላል።

መቁረጡን ማዘጋጃ ቤቱ ከልክሏል። ሙሰበህ ደግሞ ሕግ አክባሪ ሰው ነው፤ ስለዚህ በስውር ሊገድለው ወሰነ። ሚስቱ ሐምዳ ዓሣ በጨው ነክራ ታቆያለች። ከማሰሮዋ የሚተርፈውን አፍንጫ የሚሰነጥቅ ውሃ፣ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር በባልዲ እያመላለሰ ዛፎቹ ሥር ይደፋ ጀመር። በጨው ላይ ምን ይበቅላል ብሎ ነው። ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰ ሰው ብልሃት አያጣም እያለም ራሱን ያደንቅ ነበር።

ዛፎቹ ይባስ ለመለሙ። አንድ ማለዳ ባልዲውን ተሸክሞ ሲመለስ ሐምዳ ጠብቃ ቅጠል ቀጠፈችና ሰጠችው።

«እስቲ ላሰው፣ አቡ ሀሪብ» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ።

ላሰው። ጨው ጨው ይላል።

«ባሕር ጠጥቶ ያደገ ዛፍ እኮ ነው። ጨውን በቅጠሉ ይተፋዋል። አንተ ምስኪን ቀለብ ታመላልስለታለህ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ትያለሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ስትመላለስ ጉልበትህ ተፍታታልኝ።»

በዚያው ሰሞን ሸማል የሚሉት ኃይለኛ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ተነሣ። ማዶ ጀልባዎች እርስ በርስ ሲላተሙ ይሰማል፤ ሙሰበህ ግን ከቅጠል በቀር የሚያየው የለም። ሰምሓ ተሰብራ እንደሆነ ማወቅ አልቻለም። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዛፎቹን ረገመ፣ ከዚያ ራሱን ረገመ። ፈርቶ ነበር።

ድንገት ቅርንጫፎቹ ተገለጡና የሰምሓ አፍንጫ ብቅ አለ። ጋይስ በዛፎቹ መሃል ባለችው ቀጭን የውሃ መንገድ እየገፋ አምጥቷት፣ ገመዷን ከግንዶቹ ጋር አሰረ። ማዕበሉ ከጫካው ማዶ ያጓራል፤ እዚህ ሲደርስ ግን ሥሮቹ መሃል ጉልበቱን ጨርሶ ይተኛል። ሰምሓ ከአግዳሚው ፊት ለፊት፣ ቀለሟ ሳይጫር ቆመች። ሙሰበህ እንባው መጣ።

«አጎቴ፣ እነዚህ ዛፎች ባይኖሩ ዛሬ ማገዶ ሆና ነበር» አለ ጋይስ ከጀልባው እየወረደ። ከዚያ አፍንጫውን ያዘ። «ምንድነው የሚከረፋው? እዚህ የሞተ ነገር አለ እንዴ?»

«የኔ ብልሃት ነው» አለ ሙሰበህ። «ተወው፣ ሐምዳ ትቀብረዋለች።»

ነፋሱ ሲቆም ጋይስ ገመዱን ሊፈታ መጣ። ሙሰበህ በባልዲው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ዘጋበት።

«ምን አስቸኮለህ? እዚሁ ትሰንብት።»