የክዳኑ ነጭ

ኸይሩ ያን ቅዳሜ መኪናዋን ይዞ የወጣው ለምንድን ነው? አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር ሁለት ዓመት ሆኖናል። ክፍሎቻችንን የሚለያቸው የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሲያስነጥስ የርሐሙከላህ የምለው እኔ ነኝ። ይህን ግን አላውቅም። አንዴ ስጠይቀው "ባትሪዋ እንዳይሞት ብዬ ነው" አለኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ዝም ብዬ ነዋ" አለ። ባትሪዋ አዲስ ነበረች።

መኪናዋ የግቢያችን ባለቤት የሀጃ ዛምዛም ናት። ነጭ ማርክ ቱ ቶዮታ፤ ሀርጌሳ ከገባች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ሀጃ ጅግጅጋ ያደጉ ሶማሌ ናቸው፣ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ባላቸው ሞተው የእሳቸውም ዓይን ሲደክም፣ መሀል ከተማ ወዳለው የልብስ ሱቃቸው የሚያመላልሳቸው ሹፌር ፈለጉ። ኸይሩ ያኔ ዳሚ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከስምንት ሰው ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ሲሚንቶ ይሸከም ነበር። ወራቤ እያለ ሚኒባስ ነድቷል፤ እዚህ ግን ዋስ የሌለውን ሀበሻ ማን መሪ ያስይዘዋል? ሀጃ ዋስ አልጠየቁትም። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጠው "የሟች ባሌ መኪና ናት። አደራ። እኔ ሳልኖርባት ከዚህ በር አትወጣም" አሉት። በሩ አጠገብ ያለችውን ክፍልም ሰጡት።

ያን ሰሞን ሀጃ እህታቸው ስለታመሙባቸው ለአሥር ቀን ቡርዖ ከተማ ሄዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኸይሩ መኪናዋን አስነስቶ ወጣ። መግሪብ ሳይደርስ ተመለሰ፤ ሲገባ የገዛ በራችን መቀርቀሪያ የኋላውን ቀኝ ፓራፋንጎ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ፋቀው። ድምፁን ከክፍሌ ሰማሁት። ስወጣ መሪውን እንደያዘ ቁጭ ብሏል።

እሑድ ጠዋት በእግሩ 31 ሜይ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ ሄደ። እዚያ የመኪና ቀለም የሚሸጥ ጌዲ የሚባል ሰው አለ፣ ድሬዳዋ የተማረ።

"ነጭ ቀለም ስጠኝ።"

"አቦ፣ የቱን ነጭ? የወተት አለ፣ የሩዝ አለ፣ የከፈን አለ።"

"የመኪና ነጭ ነዋ!"

"ያቺ የሀጃ ማርክ ቱ? እሷማ ከፀሐዩ ብዛት ነጭ መሆኗን ራሷም ረስታዋለች።" ጌዲ አሥራ አራት ዓይነት ነጭ የተለጠፈበት ካርቶን ዘረጋለት። ኸይሩ አንዱን ሲያይ የቀድሞው ቢጫ ይሆንበታል፣ ወደ ቀድሞው ሲመለስ አዲሱ ግራጫ ይሆንበታል። ጌዲ ሳቀበት። "በዓይን አይሆንም። ኮፈኑ ሥር የቀለሟ ቁጥር የተጻፈበት ብረት አለ።"

"ዝገት በልቶታል።"

"እንግዲያው መኪናዋን አምጣት።"

"አላወጣትም። ወላሂ ሁለተኛ ከዚያ በር አላወጣትም።"

"ከመሐላህ በፊት ብታስብ ምን ነበረበት? በል የነዳጅ ክዳኗን ፈትተህ አምጣ። እሱን እያየሁ እበጠብጥልሃለሁ።"

ኸይሩ ተመልሶ ሁለት ብሎን ፈታ፣ ክዳኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደ። ጌዲ ነጩ ላይ ጠብታ ቢጫ፣ ከዚያ ጠብታ ጥቁር እየጨመረ በጠበጠ። የክዳኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀብቶ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ሲደርቅ የተቀባው ቦታ ጠፋ። ኸይሩ ክዳኑን እያገላበጠ ቢፈልገው አጣው።

ግቢ ሲደርስ ምሳ እንኳ አልበላም። በበሩ ሰማያዊ የተለቀለቀውን ጭረት በቲነር ጠረገ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞላ። ቀለሙን ሲጨርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር፤ በዚያ ብርሃን ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይመስላል። "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ብሩሹን አጠበ።

ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን ፓራፋንጎው ላይ ሻይ የተደፋ ይመስል ነበር። ኸይሩ ከቅርብ አየው፣ በሩ ጋ ሄዶ አየው፣ ቁጢጥ ብሎ አየው። ውሃ ደፋበት። አፈር በእፍኙ ዘግኖ በተነበት፣ ከዚያ ራሱ ጠረገው። ወደ ክፍሉ ገብቶ ወዲያው ተመልሶ ወጣ።

"አንተ፣ እንዴት ነው? ይታያል?" አለኝ።

"ኧረ አይታይም።"

"የትኛው ነው የማይታየው?"

ጣቴን ቦታው ላይ አሳረፍኩ። ሳልፈላልግ፣ በቀጥታ። ኸይሩ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ለጌዲ ደውሎ ሰደበው። ጌዲ ሱቁን ትቶ መጣ፤ ስድቡን ለመመለስ ሳይሆን ነገሩ ከንክኖት ነው። ክዳኑን ከመኪናዋ ግራ በኩል ፈትቶ አመጣና አዲሱ ቀለም ላይ ለጠፈው። ልክክ አለ። ከዚያ የመኪናዋ በር ላይ ለጠፈው። አልሆነም። ኮፈኑ ላይም አልሆነም። ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ የክዳኑን ውስጥ ፋቅ ፋቅ አደረገ። ከነጩ ሥር ሰማያዊ ወጣ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ክዳን የዚህች መኪና ልጅ አይደለም" አለ። "የእንጀራ ልጅ ነው። ከሌላ መኪና ተነቅሎ ነው የተቀባው።"

"ማን ቀባው?"

"እኔ ምን አውቄ? አንተን የመሰለ ሌላ ሰው።"

ጌዲ ቀለሙን እንደገና ልቀምም ቢል ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። እነሱ ይህን ሲነጋገሩ የኸይሩ ስልክ ጮኸ፤ ሀጃ ነበሩ፣ ነገ ለዙህር እደርሳለሁ አሉት። ጌዲ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "በቃ፣ የውሃ ጋሪ የሚጎትት አህያ ገጫት በል። በዚህ ከተማ አህያን የሚከስ የለም።"

ሌሊቱን ኸይሩ አልተኛም። ሳነብ የእግሩን ኮቴ እሰማ ነበር፤ እስከ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። "አህያ ናት" ይላል ለራሱ፣ ቃሉን የሚለማመድ ይመስል። ትንሽ ቆይቶ "ከየት የመጣች አህያ?" ይላል።

ማክሰኞ ዙህር አዛን ሲል ሀጃ ከሕዝብ መኪና ወረዱ። ኸይሩ ሻንጣቸውን እንኳ አልተቀበለም።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሀጃ። እህትዎ እንዴት ናቸው?"

"ወዐለይኩም ሰላም፣ ተሽሏታል። ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ እንዴ?"

"ሰው አልሞተም። አህያ..."

"አህያ ሞተ?"

"አህያ የለም፣ ሀጃ። እኔ ነኝ።" ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ መቀርቀሪያውን፣ ቀለሙን፣ ክዳኑን።

"የት ሄደህ ነበር?"

"በኤርፖርት መንገድ። ትንሽ ነድቼ ተመለስኩ።"

"ማንን ጭነህ?"

"ብቻዬን።"

"ለምን?"

"አላውቅም።"

"ቁልፉን አምጣ" አሉት። ሰጣቸው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የኸይሩ ፊት አመድ መሰለ። ዓይኑ ወደ ክፍሉ በር ሄደ፤ ሻንጣው ምን ያህል ዕቃ እንደሚይዝ የሚያስብ መሰለኝ።

ሀጃ መኪናዋን ዞረው ፓራፋንጎውን ከቅርብ አዩት። ከዚያ "ክዳኑስ?" አሉ። አቀበላቸው። የተፋቀውን ሰማያዊ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ትከሻቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነበር።

"ሰማያዊ እንደነበረ እንኳ ረስቼው! መንዳት በለመድኩ በሁለተኛው ወር ነው። ነዳጅ ቀድቼ ሳልዘጋው ተነሳሁ፣ የማደያው አጥር ነቅሎ አስቀረው፣ ለሁለት ተሰበረ። ባሌ በርበራ ነበር። ሳይመለስ ካሮጌ ዕቃ ሻጮች ይሄን ገዝቼ ማታ ማታ ቀባሁት።"

ኸይሩ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ሀጃ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር፤ ሽታው ያስጠላቸዋል ብሎ ነበር የሚያስበው።

"አሥራ አምስት ዓመት አብረን ነዳናት" አሉ ሀጃ። ሳቃቸው ቆመ። "አልነገርኩትም። አላህ ይማረው፣ ሳይሰማ ሞተ። አንተ የቻልከው ሦስት ቀን ነው።"

ቦርሳቸውን ከፍተው ቁልፉን አወጡ፤ ግን ወዲያው አልሰጡትም። "ሁለተኛ መውጣት ሲያምርህ ንገረኝ። እኔም ያምረኛል።"

"እሺ፣ ሀጃ። ቀለሙን ጌዲ በሁለት ቀን..."

"ተወው። ከክዳኑ ጋር ይመሳሰላሉ አላልክም? እንደዚያው ይሁን። በዚህ በቀላ ዓይንህ ግን አልሳፈርልህም። ሂድ ተኛ፣ የዐስርን ሶላት ከሰገድን በኋላ ሱቅ ታደርሰኛለህ።"

ኸይሩ ቁልፉን ከእጃቸው ተቀብሎ፣ ክዳኑን ቦታው መልሶ ሁለቱን ብሎኖች አጠበቀ። ሰገደ። ክፍሉ ሲገባ አልጋው ሁለት ጊዜ ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ኸይሩ" አልኩት በግድግዳው በኩል፣ "ለመሆኑ ቅዳሜ ለምን ነበር የወጣኸው?"

እንቅልፍ ወስዶት ማንኮራፋት ጀምሯል። ስልኬን አየሁ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር፤ እስከ ዐስር ሶላት አንድ ሰዓት ያህል ይተኛል።