አያ ነፋሱ በጎን ሲበር

ባለፈው እሑድ አዘዞ እህቴ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ብሄድ፣ ልጇ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደንቅሮ የጀግና ካርቱን ያያል። ፊልሙ እውነተኛ ሰው ለመምሰል የሚለፋ ዓይነት አይደለም፤ ሰዉ ሁሉ ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር መስመር የተከበበ፣ ጥላው ነጠብጣብ በነጠብጣብ፣ ምስሉ እንደ ሥዕል መጽሔት ገጽ በየሣጥኑ የተከፋፈለ፣ ቡጢ ሲያርፍም ድምፁ በትልልቅ ፊደል የሚጻፍበት ነው። ጀግናው ካንዱ ፎቅ ወዳንዱ ሲወረወር ፊቱ በጎን፣ ባንድ ዓይን ብቻ ታየ። እኔም ትልቋ ሴትዮ፣ የጎረስኩትን ሳልውጥ «ይኼማ ከዳ» አልኩ። ልጁ ዞሮ እንደ እብድ አየኝ፤ አልፈረድኩበትም።

ያደግኩት የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ቤት ነው። አባቴ ለየደብሩ ግድግዳ የታዘዘውን ሸራ በረንዳችን ላይ ወጥሮ ስለሚሥል፣ የቀለሙ ሽታ ምሳችን ድረስ ይገባ ነበር። ሕጉን ማንም ሳያስተምረኝ አወቅኩት፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላሉ። ታዲያ ከጎረቤታችን ከዘይነባ ጋር፣ በአባቷ ሱቅ ጓዳ ባለው የቪዲዮ ዴክ የመጀመሪያውን የጀግና ካርቱን ስናይ፣ በዚሁ ሕግ ፈረድኩ። ጀግናው በበረረ ቁጥር በጎን ስለሚታይ ረገምኩት፤ ከተማ ሊያቃጥል የመጣውን ክፉ ደግሞ ፊት ለፊት እያየን ስለሚስቅ «ጎሽ» አልኩት። ዘይነባ «ምነው አንች፣ የሚያድናቸው እሱ እኮ ነው» ብላ ተቆጣች። እንግሊዝኛው ለሁለታችንም ስለማይገባን የሚያስታርቀን አልተገኘም።

የታረቅነው የራሳችንን ጀግና ለመሥራት ተስማምተን ነው። የሱቁ የሳሙና ካርቶን ሲዘረጋ አራት ጎን አለው፤ አራት ሥዕል ማለት ነው። ቀለሙን ከአባቴ ትርፍራፊ እንለምናለን። ስሙን ዘይነባ «አያ ነፋሱ» አለችው፤ ትልቅ ሰው እንዲሁ በባዶ ስሙ አይጠራም ብላ። እኔ ከላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ እንደማየው «ዘከመ ሰረረ መልዕልተ ጎንደር» ብዬ በጎንደር ላይ መብረሩን በግዕዝ እጽፋለሁ፤ እሷ ከታች የቡጢውን ድምፅ «ጓ» እና «ዷ» ብላ ትጨምራለች። ችግሩ ግን አያ ነፋሱ መብረር አቃተው። ፊት ለፊት እያየ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ መሰለ። ዘይነባ ወደ ጎን አዙሪው ትላለች፤ እኔ ኃጥእ ይሆናል እላለሁ።

በዚህ መሐል የዘይነባ አባት ለሰሊጥ ንግዱ ሲል ቤተሰቡን ይዞ ሳንጃ ከተማ ሊገባ መሆኑ ተሰማ። ዘይነባ ሳትሄድ ጀግናው እንዲበርላት ፈለገች፤ እኔ እምቢ አልኩ፤ አብረን ልናሳልፋቸው የሚገቡትን ቀናትም ተኳርፈን ፈጀናቸው። በመጨረሻ እሷው መጥታ አባቴ ፊት ቆመች።

«አያ መርሻ፣ ጥሩ ሰው ሲበር እንዴት ነው የሚሣል?»

አባቴ የደብር አለቃ የጠየቀው ያህል አሰበ። ከዚያ ከሰል አነሣና ሰውየውን በአየር ላይ በጎን አጋደመው፤ እጁ ወደ ፊት ተዘረጋ፣ ካባው ወደ ኋላ ተውለበለበ፣ ፊቱ ግን ፈረስ ላይ እንዳሉት ሰማዕታት ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች አፈጠጠ።

«ሰውነቱ ወደ ሥራው፣ ፊቱ ወደ ሰው» አለ።

ዘይነባ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። «ሸጋ ነው። ግን ፊት ለፊቱን ካላየ ግንቡን አይገጭም?»

«ጻድቅ አይገጭም» አለና ወደ ሸራው ተመለሰ።

የቀረንን ካርቶን ሁሉ በዚሁ በራሪ ሞላነው። እንደዚያ ሳምንት የሣቅኩበት ጊዜ አላስታውስም።

የመሄጃው ቀን ጠዋት የዘይነባ እናት ካርቶኖቹን አጣጥፈው ብርጭቆና ሳህን አጨቁባቸው። ላለቅስ ስል ሥዕሉ በውጭ በኩል መሆኑን አየሁ። ዕቃው ተጭኖ ማኪናው ሲነሣ፣ በጎኑ በኩል የተደረደሩት አያ ነፋሶች ሰፈሩ ሁሉ እያየ በጎንደር መንገድ ላይ በረሩ፤ እጃቸው ወደ ሳንጃ፣ ዓይናቸው ወደ እኛ። ዘይነባ ጋቢና ውስጥ እናቷ ጉያ ገብታ ስለነበር አልታየችኝም። አባቴ ቀለም የነካውን እጁን አንሥቶ «በል አያ ነፋሱ፣ በደህና ግባ» አለ፤ ሸኚው ሁሉ ሣቀ፣ እኔም አብሬ ሣቅኩ።

ሳንጃ ሩቅ አይደለም፤ ቢሆንም ከዘይነባ ጋር ዳግም አልተያየንም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ፣ አባቴንም ጭምር። ሁሉም ፊታቸውን ወደሚሄዱበት አዙረው ነው የሄዱት።