የሐዋ ጉልበት

ቅቤ ሲሞቅ በሸተተኝ ቁጥር የታናሽ እህቴ የሐዋ ጉልበት ትዝ ይለኛል። ለሌላው ሰው የወጥ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የወጌሻ ነው።

ያኔ አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር፤ በየመንገዱ የቢሮ መሠረት ይቆፈር ነበር። እኛ ከወሎ በሰፈራ መጥተን፣ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር፣ በማንጎ ዛፎች መሀል እንኖር ነበር። ሐዋ በሰባት ዓመቷ የደም ካንሰር ተገኝቶባት፣ አባቴ አዲስ አበባ ሲያሳክማት ከርሞ፣ ማንጎ በሚበስልበት ወር ጸጉሯ ረግፎ፣ ኪኒን ይዘው ተመለሱ። «እታለም፣ ጭንቅላቴ ማንጎ መሰለ አይደል?» እያለች ታስቀኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷ አበጠ። አዝያት ስሮጥ ጭቃው አዳልጦኝ አብረን ወድቀን ነበርና፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። ይቆጣል ስል እፎይ አለ። ወለምታ ከሆነማ እዳው ገብስ ነው! ካንሰርን አናውቀውም፤ ወለምታን ግን እናውቀዋለን።

ወጌሻው አያ ይመር በየማለዳው እየመጡ፣ ቅቤ አሙቀው ያሹላት ነበር። የሚታሸውን ሰው ዘመድ ይይዘዋል፤ እናቴ አንጀቷ ስላልቻለ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብሆንም የምይዛት እኔ ነበርኩ። «አጥብቀሽ ያዥ፣ አንች ልጅ! ካዘንሽላት አትድንም» ይሉኝ ነበር። ሐዋ «እታለም፣ ልቀቂኝ!» እያለች ስትጮህ፣ የማድናት መስሎኝ ይብስ አጥብቄ እይዛት ነበር።

በመስከረም እግሯን መዘርጋት አቃታት፤ ትኩሳቱም አልለቅ አላት። አባቴ ታቅፏት እንደገና አዲስ አበባ ሄደ። በጋው ሲገባ ነጠላ ጫማዋን በፌስታል ይዞ ብቻውን ተመለሰ።

«ወለምታ አይደለም አሉኝ» አለ፣ እናቴን ሳያያት። «ፈንገስ ነው አሉ። የካንሰሩ መድኃኒት ሰውነቷን ስላደከመው፣ በደሟ ዞሮ ጉልበቷ ውስጥ ገባ አሉኝ። መታሸት አልነበረባትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከመውደቋም አይደለም፣ ልጄ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን የማስበው መውደቋን አልነበረም።

ዛሬ አሶሳ ሌላ ከተማ ሆናለች። ልጄ ትንሽ ካተኮሳት ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ቤት እሮጣለሁ፤ ወጌሻም በሬን አይረግጥም። መርፌ ሊወጓት ሲሉ ነርሷ «እናት፣ ያዥልኝ» ትለኛለች። ሁሉን እችላለሁ፣ ይህን ግን አልችልም። «አንቺው ያዣት፣ እህቴ» ብዬ እወጣና፣ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ ልጄ ተወግታ እስክታበቃ ድረስ በር ላይ ቆሜ ጩኸቷን እሰማለሁ።