እማማ ከድጃን ላስከትብ ሄጄ

ይህ ያጋጠመኝ በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ባሕር ዳር ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ክትባት የሚባል ነገር በተነሣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኔ ብረሳው እንኳ የሚያስታውሱኝ ጎረቤቶች አላጣሁም።

የተከራየሁት እማማ ከድጃ ግቢ ነበር። እማማ ከድጃ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩት የሐጅ ጉዞ ተሳካላቸው። ልጃቸው ሰይድ አብሯቸው ስለሚጓዝ፣ ወረቀት ሊያስጨርስ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል እኔን ለብቻዬ ጠርቶ አደራ ጣለብኝ። እናቱ የክትባት ካርድ ካልያዙ አውሮፕላን አያሳፍሯቸውም፤ እሳቸው ደግሞ መርፌ አልወጋም ብለዋል። እኔ መሠረተ ትምህርት ስላስተማርኋቸው ይሰሙኛል ብሎ ነው።

በሥርዓት ተዘጋጀሁ። ከሱቅ ሲመለሱ ጠብቄ፣ በረንዳው ላይ አስቀምጬ ማስረዳት ጀመርሁ። በመጀመሪያ፣ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ በሽታ በትንፋሽ እንደሚተላለፍና ለዚህም የማጅራት ገትር ክትባት እንደሚያስፈልግ ነገርኋቸው። ቀጥዬ ስለ ኮሌራ፣ ውኃ አፍልቶ ስለ መጠጣት፣ ፍራፍሬ አጥቦና ልጦ ስለ መብላት አብራራሁ። እጅ መታጠብ ላይ ስደርስ ሳቁብኝ። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የሚታጠብን ሰው ታጠብ ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ እኔ ግን የጀመርሁትን ሳልጨርስ አልተውሁም።

የእሳቸው ጥያቄ ሌላ ነበር። ደኅና ሰው ለምን ይወጋል? አንዲት ዘመዳቸው ተወግታ ክንዷ አብጦ ሰንብቷል። ሰውነት በሽታውን አስቀድሞ አውቆ እንዲዘጋጅ ነው ብዬ በምሳሌ አስረዳሁ። አልበቃኝም፤ በከሰል በራቸው ላይ ሥዕል ሣልሁ። በማግስቱ በሩን በሳሙና አሳጠቡኝ።

የጉዞው ቀን እየቀረበ ሲመጣ እንቅልፍ አጣሁ። ሰይድ ከአዲስ አበባ ስልክ ባስደወለ ቁጥር ነገ እንሄዳለን እለዋለሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው በሬን አንኳኩና እንሂድ አሉኝ። ትምህርቴ ሠራ ብዬ መንገዱን ሁሉ በደስታ ሄድሁ።

ጤና ጣቢያው ደርሰን ተራችን ሆነ። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ እማማ ከድጃ ክንዳቸውን አልገለጡም። ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ብርዝ ስሰጥህ ሳልቀምስ ሰጥቼህ አውቃለሁ?"

"ኧረ አያውቁም።"

"እንግዲያው አንተም ቅመስልኝ።"

አንባቢ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ላስረዳ። በእኛ አገር የሚጠጣ ነገር የሚሰጥ ሰው ጠብ አድርጎ በመዳፉ ይቀምሳል። ተቀባዩ ክፉ ነገር እንደሌለበት የሚያምነው ያኔ ነው። እኔ ያን ሁሉ ቀን ያቀረብሁትን ነገር አልቀመስሁም ማለታቸው ነው።

ክትባቱ ለተጓዦች እንደሆነ፣ እኔም እዚሁ ቅርብ ካለችው ከመራዊ አልፌ የምሄድበት እንደሌለኝ ተናገርሁ። ትከለክልልኛለች ብዬ ነርሷን ባያት፣ ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ የተረፈው ስለሚደፋ ለእኔም ይበቃል አለች፤ ያውም በደስታ።

እስካሁን ያልተናገርሁት ነገር አለ። መርፌ በጣም እፈራለሁ።

እምቢ ብል ተነሥተው ሊወጡ ነው፤ ሐጁም ሊቀር ነው። እጅጌዬን ሰበሰብሁ። ስለ ሰውነት መከላከያ ካስተማርሁት አንዱም ትዝ አላለኝም። የማስታውሰው የጣሪያውን ቆርቆሮ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ አግዳሚ ላይ ተጋድሜአለሁ። እማማ ከድጃ ከጎኔ ተቀምጠው ክንዳቸውን በጥጥ ይዘዋል። ተወግተው ጨርሰዋል። ከሻይ ቤቱ ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ አስመጥተው ኖሮ፣ በመዳፋቸው ቀመሱና ሰጡኝ። የፈላ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም።

እኔ እንደዚያ ስወድቅ አይተው እንዴት ደፍረው እንደተወጉ ግን ጠየቅኋቸው።

"ያን ሁሉ ስታወራ አላመንሁህም" አሉኝ። "እንዲህ እየፈራህ ከተወጋህማ እውነትህን ነው።"

ካርዱን ይዘው ሄዱ፤ በሰላምም ተመለሱ። ስለ ጉዞው ሊሰሙ የመጡ እንግዶች ከሁሉ አስቀድሞ የተነገራቸው የእኔ መውደቅ ነበር። የደም ግፊት ለጥቂት ጊዜ ሲቀንስ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም ለማብራራት ሞከርሁ። ሁሉም በጨዋነት አዳመጡኝ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ቀጠሉ።

በዓመቱ ሁለት ሽማግሌ ነጋዴዎች በሬን አንኳኩ። እነሱም ለሐጅ ሊሄዱ ነው። ደስ ብሎኝ ወንበር አቀረብሁና ስለ ትንፋሹም፣ ስለ ውኃውም፣ ስለ ፍራፍሬውም አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ታግሠው ሰሙኝ። ለካ የመጡት እኔ ፊታቸው እንድወጋላቸው ነው። አምና ተወግቻለሁ፣ ክትባቱ ለዓመታት ይሠራል ብዬ ይህንንም አብራራሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ገብቶናል፣ መምህር" አሉ አንደኛው። "ታዲያ ነገ ይመችሃል ወይስ ከነገ ወዲያ?"

ያን ጊዜ ትንሽ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን በደንብ ያስተማርህበት ቀን የቱ ነው ብባል፣ አንድ ቃል ሳልናገር አግዳሚ ላይ የተጋደምሁበትን ቀን እጠራለሁ። መርፌውን ዛሬም እፈራለሁ።