ከደሴ ምድብ እንዴት እንደቀረን

በአባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ከሚሰበሰቡት ወንዶች መካከል ኳስ የነካ አንድም አልነበረም። ኳሱን ተዉት፤ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ሮጠው ሲገቡ አይቼ አላውቅም። በዚያ ዓመት ግን፣ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ፣ የትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር እንዴት እንደሚደለደል ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በመካነ ሰላም ቢፈለግ አይገኝም ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳው ጥላ፣ አግዳሚ ወንበርና ሬዲዮ ስለነበረው የከተማው ሥራ ፈት ሁሉ ጠዋት ጠዋት እዚያ ይሰየማል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ ስለነበር ያን ሁሉ ትንታኔ ሳልወድ በግድ ሰምቻለሁ።

ወሬው የመጣው ከላይ ነው። ክፍለ ሀገሩ ለሁለት ሊከፈል ነው፣ አውራጃዎቹም እንደገና ሊከለሉ ነው ተባለ። አውራጃው እንደገና ከተከለለ ደግሞ የትምህርት ቤቶቹ ምድብም አብሮ ይፈርሳል። እስከዚያ ድረስ ከአቀስታና ከወረኢሉ ጋር ነበርን፤ የአቀስታን ብርድ ችለን፣ ብዙ ጊዜ ተሸንፈን፣ አንዳንዴም አሸንፈን እንመለሳለን። አሁን ግን ማን ከማን ጋር እንደሚመደብ የሚያውቅ የለም። የበረንዳው ሰዎች ደግሞ የሚመቻቸው የማያውቁት ነገር ነው።

አንድ ጨው ነጋዴ ከጎጃም ጋር እንደምንመደብ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ለካርታ አዋቂዎቹ እኛ ከደሴ ይልቅ ለአባይ ስለምንቀርብ ነው አለ። "ኳሷ አባይ ውስጥ ብትገባስ?" ብሎ አንድ ጡረተኛ ጠየቀ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ ሰውየው ግን የምሩን ነበር። አባይ የገባች ኳስ የማዕዘን ምት ታሰጣለች ወይስ ጨዋታው እዚያው ያበቃል በሚለው ላይ ሲከራከሩ ዋሉ። በማግስቱ ሌላው ተነስቶ፣ የለም፣ ከመቅደላ ጋር ነን አለ። ወዲያው የአምባው ነገር ተነሳ፤ አናቱ ላይ ቢጫወቱ ኳስ ከሜዳ በወጣች ቁጥር ማን ገደሉን ወርዶ ያመጣታል ተባለ። አምባው ላይ የኳስ ሜዳ እንደሌለ፣ ሊሠራ ያሰበም እንደሌለ ለመናገር አፌን ስከፍት አባቴ ገላመጠኝ። ደንበኞች ናቸው፣ ተያቸው ማለቱ ነው። እነዚያ ደንበኞች ቁልፍ ከማስተከል በቀር ያሠሩትን ልብስ እኔ አላስታውስም።

አባቴም ቢሆን ከበሽታው አልዳነም። በልብስ ሰፊ ጠመኔው ካርታ መሥራት ጀመረ፤ ካርታውን የሚሠራው ደግሞ ፊት ለፊቱ ባገኘው ጨርቅ ላይ ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አዲሱን የካኪ ሱሪያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አባይ በግራ እግሩ በኩል ሲወርድ፣ ኩታበር ኪሱ ላይ ተቀምጣ፣ ደሴ ደግሞ ወገቡ ላይ በክብ ተከባ አገኙ። አባቴ ዓይኑን ሳያሽ "የስፌት ምልክት ነው" አላቸው። ሊቀ መንበሩም አመኑ፤ ምልክት የበዛበት ሱሪ በደንብ የተሰፋ ይሆናል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

ወንዶቹ ሁሉ የሚመኙት የደሴን ምድብ ነው። በደሴ ምድብ ያለ ቡድን ጨዋታውን በሙሉ ደሴ ወርዶ ይጫወታል፤ ለቡድኑ መኪና ይመደባል፤ ደጋፊም የመንገድ ይለፍ ይሰጠዋል። የበረንዳው ሰዎች እንግዲህ ለኳስ ፍቅር ሲሉ የደሴን ሻይ ቤቶች ለመጎብኘት ተዘጋጅተው ነበር። አንዱ ኮቱን ከወዲሁ አሳጠበ።

በእኛ ቤት ግን ድልድሉ ሌላ ነገር ነበር። ታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤቱ ቡድን በረኛ ነው። ያ ዓመት የመጨረሻው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተማሪ አይደለም፣ ተማሪ ያልሆነ ወጣት ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለግ ሰው ነው። ቀበሌው ኮታውን መሙላት አለበት፤ የሚሞላው ደግሞ በጨው ነጋዴውና በጡረተኛው አይደለም። ሆኖም በደሴው ጨዋታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚመጣ አሠልጣኝ እንደሚቀመጥ፣ ዓይኑ የገባ ልጅ ካገኘ ለፋብሪካው ቡድን እንደሚወስደው እናውቅ ነበር። የተወሰደ ልጅ ቱታ ይለብሳል፣ የሠራተኛ መታወቂያ ኪሱ ይገባል፣ ለውትድርና አፋሽ ሲመጣ መታወቂያውን አውጥቶ ያልፋል። እናቴ ስለ ኳስ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ስለ ጉዳዩ ከሁሉም የተሻለ የምታውቀውም እሷ ነበረች። ማታ ማታ "ድልድሉ ወጣ?" ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ደግሞ አባቴ ከካኪ ቁራጭና ከስፖንጅ የሰፋለትን ጓንት እያገላበጠ "አብሽሪ እማ፣ ይወጣል" ይላታል።

እናቴ ዝም ብላ አልጠበቀችም፤ ዱዓ አስደረገች። ሸኹ መጡ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ የቄሱ ባለቤትም እንደወትሮዋ መጥታ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ሸኹ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰብል፣ ስለ ሰላም፣ መንገድ ላይ ስላለ ሰው ሁሉ ለመኑ። ሊጨርሱ ሲሉ እናቴ የኩታቸውን ጫፍ ሳብ አደረገች። ሸኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ያ አላህ፣ ለዚህ ልጅ የደሴን ምድብ ወፍቀው" አሉ። የቄሱ ባለቤት ከሁላችንም በላይ ጮክ ብላ "አሚን" አለች።

በረንዳው ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። የሚላኩት ሰው ከማንም በፊት ይታወቃሉ፤ በድሮው ጊዜ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት በመሬት ክርክር ያሳለፉ ነገር አዋቂ ናቸው። መሬት ለአራሹ ከሆነ ወዲህ የሚከራከሩበት አጥተው አንደበታቸው ሥራ ፈትቶ ነበር። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው "የልጁን ነገር ለእኔ ተዪው" አሏት እናቴን። እናቴ ለመንገድ ቆሎ አስያዘቻቸው። ከእሳቸው ጋር የስፖርት መምህሩ ሄደ፤ እዚያ የሆነውን የነገረን እሱ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ደንብ መናገር አለብኝ። ከእኛ አገር ተነስቶ ደሴ ቢሮ የሚገባ ሰው ጉዳዩ ምንም ይሁን ምን ከመንገዱ ይጀምራል። መምህር ይጨመርልን ለማለትም፣ የከብት ክትባት ለመጠየቅም፣ ያለ አግባብ የታሰረ ሰው ለማስፈታትም መጀመሪያ ስለ መንገዱ ይነገራል። እንደ ቢስሚላህ ነው፤ ሳይሉት ነገር አይጀመርም። የደሴ ሹማምንት ይህን ለምደው እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ወረቀት ያነባሉ ይባላል።

ያን ቀን የገጠማቸው ሹም ግን አዲስ ነበር። ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ብዕሩን አስቀምጦ ያዳምጣል። ሽማግሌው እንዲህ ያለ ጆሮ ካገኙ ስንት ዘመናቸው! ተነስተው ቆሙና ጀመሩ። ጭቃው የዋጣት በቅሎ ተነሳች። በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ ጉጉፍቱ ከሚባለው ደጋ ብርድ ላይ የወለደች ሴት ተነሳች። መንገድ ላይ ተሰንክሎ ጾሙን በሙሉ ቆሞ የከረመው የጭነት መኪናና ሾፌሩ እዚያው ሚስት ማግባቱ ተነሳ። መምህሩ ወደ ኳሱ እንዲመለሱለት ጋቢያቸውን ጎተተ፤ እሳቸው ግን በርታ የተባሉ መሰላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ታሪክ ገቡ። የሹሙ ዓይን እንባ አቀረረ።

በመጨረሻ "እንግዲህ ልጆቻችንን በተመለከተ..." ሲሉ ሹሙ ከወንበሩ ተነስቶ እጃቸውን ያዘ። "አባቴ፣ ይበቃል። ችግራችሁ ገብቶኛል። ለልጆቹ የሚበጀውን አደርጋለሁ" አለ። ወዲያው ጻፈ። ሽማግሌው በሕይወታቸው በአንድ ቀን ችሎት ነገር ረትተው አያውቁም፤ ከቢሮው ሲወጡ መሬት አልረገጡም።

መካነ ሰላም ሲገቡ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ "ረትቻለሁ" አሉ። በረንዳው ተሟሟቀ፤ ኮቱን ያሳጠበው ሰውዬ ኮቱን ለበሰ። እናቴ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። መምህሩ ብቻ "እስቲ ድልድሉ ይምጣ" አለ፤ ፊቱ አልፈካም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን በዚያ ደስታ መካከል የጠየቀው የለም።

ድልድሉ መጣ። ከወግዲና ከከላላ ጋር ነን። በመንገድ ችግር ምክንያት ተማሪዎቹ ደሴ ድረስ እንዳይንገላቱ በቅርባቸው ካሉት ጋር እንዲጫወቱ ተወስኗል ይላል። በቅርብ ማለት እንግዲህ በእግር ገደል ወርዶ ገደል መውጣት ነው፤ መኪና ስለማይሄድበት ግን የመንገድ ችግር የለበትም።

በረንዳው ወረቀቱን እየተቀባበለ አነበበው። ከዚያ ጨው ነጋዴው እሱ ድሮውንም ይህን ማለቱን አስታወሰ፤ ጎጃም ያለውን ረስቶታል። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀድመው ያውቁ ነበር። ሽማግሌው አላፈሩም። "መንግሥት ስለ መንገዳችን ሲያምን ይህ የመጀመሪያው ነው" አሉ፤ በጽሑፍ አመነ እኮ! አባቴ ጠመኔውን ወርውሮ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ የተያዘውን ልብስ ስሰፋ መርፌ ጣቴን ወጋኝ፤ ያለቀስኩት ለዚያ ነው አልኩ፤ ለዚያ አልነበረም።

ወንድሜ ወግዲ ላይ ተጫወተ። ላሞቹ ከሜዳው እስኪወጡ ተጠብቆ፣ ዳኛው የግብርና ሠራተኛ ሆኖ፣ ተመልካቹ ወደ ገበያ የሚያልፍ ሰው ሆኖ ተጫወተ። በምድቡ ጨዋታ ሁሉ አንድም ጎል አልገባበትም። ፍጹም ቅጣት ምት ሲያድን አንዲት ዶሮ ሻጭ ብቻ "ማሻአላህ" አለችው፤ ከዚያ ሌላ ያየው የለም። የፋብሪካው አሠልጣኝ ደሴ ላይ የሌላ ትምህርት ቤት በረኛ ወሰደ ተባለ። ጎል ይገባበት ነበር አሉ፤ ቁመቱ ግን አምሮለት ነው።

ክረምት ገባ። ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሲወርድ፣ የወታደር መኪኖች መጡ። መንገዱ? ለመንገዱ ገበሬው በማህበሩ በኩል ድንጋይ እንዲያለብስ ታዘዘ፤ ጭቃው ባስቸገረበት በትራክተር ተጎተቱ፤ በቅሎዋን የዋጠውን ቦታ እያጓሩ አለፉት። በገበያ ቀን ከተማ ገቡ። ለኳስ የማይሆነው መንገድ ለዚህ ሆነ። ወንድሜን የወሰዱት ከበረንዳችን ነው፤ ጓንቱ ተቀዶ ሊያሰፋው መጥቶ የእኔ የስፌት መኪና ላይ አስቀምጦት ነበር። ሊቀ መንበሩ አባቴ የሰፋላቸውን ካኪ ለብሰው ከወታደሮቹ ጋር ቆመዋል። የበረንዳው ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አዩ፤ ስለ አባይ ማንም አላነሳም። ያን ቀን በመንግሥት ተናደድኩ፣ በሽማግሌው ተናደድኩ፣ በአባቴ ጠመኔ ሳይቀር ተናደድኩ። ጓንቱን ሰፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መኪኖቹ በደሴ በኩል አለፉ። ወንድሜ በኋላ ሲነግረን፣ ሸራው ተጠፍሮ ስለነበር ከደሴ ያገኘው የዳቦ ሽታ ብቻ ነው።

መንግሥት ሲወድቅ በእግሩ መጣ። ከስቷል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ የግራ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። እናቴ እጁን ይዛ አልለቅ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ሊል መጣ፤ በማግስቱም ሽማግሌው መጡ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ወንበር ሰጥተናቸው ተቀመጡ፤ ወንድሜን በእጃቸው ዳስሰው ሳሙት። ከዚያ በአገራችን ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጠየቁት።

"መንገዱ እንዴት ነው ልጄ?"

አባቴ መሬት መሬት አየ። ወንድሜ የማይታጠፉትን ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ መለሰ።

"ደህና ነው አባባ። መኪና ያስገባል።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው በርቶ። "እኔ እኮ ነኝ የነገርኳቸው።"