የባዶ ኮንቴይነር አሽታች

እኛ ካዎሹንግ ወደብ ውስጥ ባዶ ኮንቴይነር ባዶ ስለሆነ ብቻ አይታመንም። ዕቃውን አራግፎ ሲመለስ ሻይ ይጫንበት፣ ጎማ ይጫንበት ወይስ ይታጠብ የምትለው እትዬ ሱዩን ናት። እሷ ትገባለች፣ እኔ በሩን ከውጭ እዘጋባታለሁ። ጨለማው ውስጥ ቆማ በቀዳዳ የሚገባ ብርሃን እንዳለ ታያለች፤ ከዚያ ታሸታለች። ሻይ ቅጠል ያገኘውን ሽታ ሁሉ ስለሚስብ በዚህ ቀልድ የለም።

በጥር ብርድ ትኩሳት ጣላትና ስትነሳ አፍንጫዋ ድንዝዝ አለ። እንጀራዋ ነውና ደበቀችው፤ ወለሉ ከጸዳ ታሳልፍ ጀመር። አንድ ቀን ሻይ ነጋዴው የዓሣ ዱቄት የሚሸት ኮንቴይነር መለሰልን። አለቃ ጎንግ አጣቢዎቹን ሰብስቦ የስድብ ናዳ ያወርድባቸው ጀመር።

«ተዋቸው!» አለች እትዬ ሱዩን። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

«ምነው እትዬ! ታዲያ ምን ላድርግሽ?» አላት አለቃ ጎንግ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሰኝ። ካልተሻለኝ ጥበቃ ላይ መድበኝ።»

እሺ አላት፤ ግን እሷ ያየችውን ሁሉ ሌላ ሰው እንዲደግመው አዘዘ። እንዴት እንዳንገበገባት እኔ አውቃለሁ። አፍንጫዋን እንድታለማምድ ሐኪም መክሯት ዝንጅብልና የሰሊጥ ዘይት በኪሷ ይዛ ጠዋት ማታ ታሸታለች።

«እትዬ፣ ሾርባ ልትሠሪ ነው እንዴ?» እላታለሁ።

«አዎ፣ የምቀቅለው አንተን ነው!»

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ገባች፤ ዘጋሁባት። ከወትሮው በላይ ቆየች። ወደቀች እንዴ ብዬ ስደነግጥ በሩን ትደበድብ ጀመር። ስከፍተው እንባዋ ጉንጯን አጥቦታል።

«ይሸታል!» አለች።

«ምኑ?»

«የበሰበሰ ዓሣ ነው! ኧረ ይገማል! ደግሞ አንተ፣ ሲጋራህ!»

አንገቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ግማቱ ወደ ኋላ መለሰኝ። ደስ ብሎኝ ሳቄ መጣ። አለቃ ጎንግም ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ አፍንጫውን ይዞ፣ «በሉ ቶሎ ወደ እጥበት!» አለ።

እሷ ግን ተመልሳ ገባች።

«ቆዩ፣» አለች። «አንተ፣ በሩን ዝጋልኝ። ትንሽ ላሽትተው።»

ዘጋሁላት።