ጫፉ የተድቦለቦለ ቢላዋ

ከድንበር ማዶ፣ ባሱንዳ ከተባለችው ከተማ ካለው የትራክተር ጋራዥ አጥር ሥር አንድ ሽበታም ሰው ተቀምጦ የተሰበረ የብረት መጋዝ ቢላዋ ሊያደርገው በሞረድ ይስላል። ሸሚዙ የተጣፈ ነው፤ ቁልፉ ግን እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ለእርሻ ሠራተኞች ወጥ የምትሠራው በለጠች ያዘዘችውን ቢላዋ ቆማ ትጠብቃለች። ከአሮጌ ሣጥን ያወጣውን እንጨት እጀታ አድርጎ በሚስማር መታው፤ እሷን አስጨብጦ አየና ለመዳፏ እንዲስማማ እንደገና ሞረደው። ጫፉን ግን አድቦለቦለው።

«አያ፣ ለምን አላሾሉትም?»

«ለሽንኩርት ሹል ምን ያደርጋል፣ እቴ?»

አጠገባቸው የቆመ ጎልማሳ፣ «ለእኔ አሹለው ይሥሩልኝ» አለው።

«ሹል ሰው ይወጋል፤ እሱን መሥራት ትቼዋለሁ» አለ ሰውየው፣ ቀና ሳይል።

በለጠች ቢላዋውን ሽንኩርት ላይ ሞከረችው፤ ሳይታገል ሰነጠቀላት።

«እጅዎ ይባረክ!» አለችው።

ሰውየው እጆቹን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ «አሜን» አለ።